ተዳፋት ላይ ማረስ፦ በየዓመቱ የሚሠራው እርከን ለምን አይበረክትም?

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩ ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ የወረደባቸው ናቸው። ከአደጋው በኋላ በስፋት የተሰማው ማብራሪያ «ተራራው ስለተራቆተ ነው» የሚል ነበር፤ መፍትሔ ተብሎ የተነገረውም ችግኝ መትከልና እርከን መሥራት ነው። ጥር ሲገባ በሚጀመረው የተፋሰስ ልማት ዘመቻም በየዓመቱ ይኸው ይደገማል። እርከኑ በኪሎ ሜትር፣ ችግኙ በሚሊዮን ተቆጥሮ ሪፖርት ይቀርባል፤ ክረምቱ ሲመጣ ግን ወንዞቹ እንደ ወትሮው ደፍርሰው ይወርዳሉ።

በዚህ ንግግር ውስጥ ተለያይተው መታየት የሚገባቸው ነገሮች ተደበላልቀዋል። መሬት የሚጠፋው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም፤ እርከንም ለሁሉም ጉዳት መድኃኒት አይሆንም። ከሁሉ በላይ ብዙ ጉልበት የፈሰሰበት ሥራ ከሁለትና ከሦስት ክረምት በኋላ ለምን ፈርሶ እንደሚገኝ በቅጡ አልተጠየቀም። የደጋው ተዳፋት ዕጣ የሚወሰነው በሁለት ነገሮች ነው፦ በሰኔና በሐምሌ አፈሩ ምን ለብሶ ዝናቡን እንደሚቀበል፣ እና የተሠራውን ለመጠገን በቂ ምክንያት ያለው ሰው በመኖሩ ወይም ባለመኖሩ። የዘመቻው ሪፖርት ሁለቱንም አይለካም።

ሦስት የተለያዩ ጉዳቶች

የመጀመሪያው ጉዳት አፈሩን ከላይ በስሱ እየገፈፈ የሚሄደው መከላት ነው። የዝናብ ጠብታ የተራቆተ መሬት ላይ ሲያርፍ የአፈሩን እንክብል ይበትናል፤ የተበተነው ደቃቅ አፈር የውኃ መስረጊያ ቀዳዳዎችን ይደፍናል፤ መስረግ ያቃተው ውኃም በገጽ ላይ መፍሰስ ይጀምራል። በዓመት የሚወሰደው ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሆነ በዓይን አይለይም። ገበሬው ጉዳቱን የሚያስተውለው ማረሻው ድንጋይ ደጋግሞ መምታት ሲጀምር ነው።

ሁለተኛው ቦረቦር ነው። ተበትኖ ይፈስ የነበረ ውኃ በአንድ መስመር ሲሰበሰብ መሬቱን ቆርጦ ይገባል። ውኃውን የሚሰበስበው የከብት መሄጃ፣ የማሳ ድንበር፣ በደንብ ያልተቀየሰ ቦይ ወይም በመንገድ ሥር የተቀበረ ቱቦ ሊሆን ይችላል። አዲስ መንገድ በተሠራባቸው ተዳፋታማ ቦታዎች ከቱቦዎቹ በታች ያሉ ማሳዎች በጥቂት ክረምቶች ውስጥ ሲቦረቦሩ ይታያል፤ ይህ የገበሬው ጥፋት ሳይሆን የመንገድ ዲዛይን ጉድለት ነው። በመረሬ፣ ማለትም በጥቁር ሸክላማ አፈር ላይ ደግሞ የቦረቦሩ ግድግዳ ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ በራሱ እየተናደ ይሰፋል።

ሦስተኛው የመሬት መንሸራተት ነው፤ የሚነሣበትም ምክንያት ከሁለቱ የተለየ ነው። በቁልቁለት ላይ፣ ከአለት በላይ የተኛ ወፍራም አፈር ለቀናት በዘለቀ ዝናብ ሲጠግብ ክብደቱ ይጨምራል፤ በውስጡ ያለው የውኃ ግፊትም አፈሩንና አለቱን ያያያዘውን ሰበቃ ያዳክማል። ያን ጊዜ ጎኑ በሙሉ ይወርዳል። የዛፍ ሥር የላይኛውን አንድና ሁለት ሜትር አስሮ ስለሚይዝ ጥልቀት የሌለውን መንሸራተት ይቀንሳል፤ ከዚያ በታች ለሚነሣው ግን አቅሙ ውስን ነው። እርከንን በተመለከተ ነገሩ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ውኃ አቁሮ እንዲሰርግ የሚያደርግ እርከን በደረቅ አካባቢ በረከት ቢሆንም ዝናብ በሚበዛበትና አፈሩ ጥልቅ በሆነ ቁልቁለት ላይ መሬቱን ይበልጥ ሊያጠግበው ይችላል። በእንዲህ ያለ ቦታ ሕይወት የሚያድነው ሥራ የትኛው ጎን እየተንቀሳቀሰ እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ነው፤ የመሬት መሰንጠቅን፣ ያዘመሙ ዛፎችን፣ በድንገት የፈለቀ ምንጭን ተከታትሎ ውኃውን ማስወጣት፣ አስፈላጊ ሲሆንም ነዋሪውን ማንሣት ይገባል። ይህ የጂኦሎጂ ባለሙያና የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሥራ ነው። በጥር ዘመቻ የሚሸፈን አይደለም።

ብዙ የተጠቀሰ፣ ጥቂት የተመረመረ ቁጥር

በየንግግሩ የሚነሣ አንድ ቁጥር አለ፦ ኢትዮጵያ በየዓመቱ ከአንድ ቢሊዮን ቶን በላይ አፈር ታጣለች የሚል። ምንጩ የታወቀ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ድጋፍ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የደጋማ አካባቢዎች ጥናት 1.9 ቢሊዮን ቶን ብሎ ገምቷል። ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሐንስ ሁርኒና ባልደረቦቻቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በማይባር፣ በአንዲት ጥድ፣ በአንጀኒ፣ በጉኑኖና በሌሎች ጣቢያዎች ከተለካው በመነሣት ወደ 1.5 ቢሊዮን ቶን አቀረቡ። በዚያ ግምት የእርሻ መሬት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን ያጣል፤ ይህም በዓመት 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ነው። አፈር ደግሞ በተፈጥሮ የሚተካው እንደ ቦታው በሄክታር ከ2 እስከ 22 ቶን ብቻ እንደሆነ ተገምቷል። ዘግይቶ በካርታና በኮምፒውተር ስሌት የተሠራው ግምት የእርሻ መሬቱን አማካይ ወደ ግማሽ ገደማ ዝቅ አድርጎታል።

በዚህ ቁጥር ዙሪያ ሁለት ስሕተቶች ይዘወተራሉ። አንደኛው አፈሩ በሙሉ ድንበር ተሻግሮ እንደሚሄድ ማሰብ ነው። የ1986ቱ ጥናት ራሱ ከሚነሣው አፈር በወንዝ ተወስዶ የሚወጣው አንድ አሥረኛ ያህሉ ብቻ እንደሆነ ገልጿል፤ የቀረው በተዳፋቱ ግርጌ፣ በሜዳውና በቆላው ይተኛል። የአንዱ ማሳ ኪሳራ ለሌላው ማሳ ትርፍ የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ሁለተኛው አማካዩን ለሁሉም ቦታ ማዋል ነው። ሜዳማው የባቾ መረሬና የሰሜን ሸዋ ገደላማ ጎን አንድ ዓይነት ችግር የለባቸውም። ይህ ልዩነት ሲረሳ ነው ለሁሉም ወረዳ አንድ ዓይነት የእርከን ኮታ የሚወርደው።

ቁጥሩ ቢቀንስም ቢጨምርም የጉዳዩ ክብደት አይለወጥም። ከባሕር ወለል ከ1,500 ሜትር በላይ ባለው ደጋና ወይና ደጋ በዚያ ጥናት ጊዜ ከሕዝቡ 88 በመቶ ገደማ ይኖር ነበር፤ ዛሬም የአገሪቱ እህል አብዛኛው የሚመረተው እዚያው ነው። አንድ ሄክታር የማይሞላ መሬት ላለው ቤተሰብ በዓመት የሚጠፋው ጥቂት ሚሊ ሜትር በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የሚጨርሰው ጥሪት ነው።

ማረሻው፣ ጤፉና የሰኔ ዝናብ

ዝናቡ ሁልጊዜ እኩል አይጎዳም። ከባዱ ጉዳት የሚደርሰው ክረምቱ ሲገባ፣ መሬቱ ታርሶ ለስልሶ ግን ገና ምንም ሳይበቅልበት ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ላይ የጤፍ ጉዳይ ይነሣል። ዘሩ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ የላመ ማሳ ይፈልጋል፤ ገበሬው አራትና አምስት ጊዜ ያርሳል። የበሬ ማረሻ አፈሩን ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ ስለማይገለብጠው በመስቀለኛ መድገም ግድ ይሆናል። አንዱ ዙር ተዳፋቱን አግድም ከታረሰ ቀጣዩ ወደ ቁልቁል ይሆናል፤ እያንዳንዱ የቁልቁል ትልምም ለውኃ የተዘጋጀ ቦይ ነው። ጤፍ የሚዘራው በሐምሌ፣ ዝናቡ በሚከብድበት ወቅት በመሆኑ ማሳው ራቁቱን የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል።

ለኢትዮጵያ በተዘጋጀው የአፈር መከላት ስሌት ውስጥ ይህ በግልጽ ይታያል። ሙሉ በሙሉ ለተራቆተ መሬት 1 ቢሰጥ፣ ለጤፍ 0.25፣ ለስንዴና ለገብስ 0.15፣ ለማሽላና ለበቆሎ 0.10 ይሰጣል። ጥቅጥቅ ላለ ደን የሚሰጠው 0.001 ነው። ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን ጤፍ የተዘራበት ተዳፋት ማሽላ ከተዘራበት ከሁለት እጥፍ በላይ አፈር ያጣል ማለት ነው። ጤፍ ይተው የሚል መደምደሚያ ከዚህ አይወጣም፤ የገበያው ዋጋና የሕዝቡ ምግብ ይህን አይፈቅዱም። የሚወጣው መደምደሚያ ለጤፍ የሚመረጠው ቦታ፣ የሚታረስበት ድግግሞሽና የሚዘራበት ጊዜ ከድንጋይ ክምር እኩል የአፈር ጥበቃ ሥራ መሆናቸው ነው። በግብርና ኤክስቴንሽን ምክር ውስጥ ግን እርሻን የመቀነስና በመስመር የመዝራት ጉዳይ ስለ ምርት ብዛት ሲነገር እንጂ ስለ አፈር ሲነገር ብዙም አይሰማም።

የአፈሩን አቅም የሚያዳክም ሌላም ዑደት አለ። ገለባው ለከብት፣ ኩበቱ ለማገዶ ይውላል። ወደ መሬቱ የሚመለስ ብስባሽ ስለሚያንስ አፈሩ ውኃ የመያዝ አቅሙን ያጣል፤ ውኃ ያልያዘ አፈር ይታጠባል፤ የተገዛው ማዳበሪያም አብሮት ይሄዳል። ዝናብ በሚበዛባቸው የምዕራብና የሰሜን ምዕራብ ደጋዎች ለዘመናት የታጠበው መሬት አሲዳማ ሆኗል። በአገሪቱ የአፈር ካርታ ሥራ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲዳማነት መጠቃቱ ተመዝግቧል፤ አሲዳማነቱን ለመቀነስ ኖራ የሚጠይቀው ይህ መሬት ነው።

በአንጻሩ በደቡብ በጌዴኦ ቁልቁለቶች ላይ እጅግ ብዙ ሕዝብ ይኖራል፤ መሬቱ ግን እንደ ሰሜኑ አልተራቆተም። ከላይ ትልልቅ አገር በቀል ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና አለ። መሬቱ በዓመት ውስጥ አንድም ቀን ራቁቱን አይሆንም፤ በበሬም አይታረስም። ይህ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን እዚህ የሚጠቀሰው ግን ለክብሩ ሳይሆን ለማስረጃነቱ ነው፦ ቁልቁለትና የሕዝብ ብዛት ብቻቸውን መሬትን አያጠፉም።

እርከን የሚሠራውና የማይሠራው

እርከን የተዳፋቱን ርዝመት ይቆራርጣል። ውኃው ፍጥነት ሳያገኝ ይቆማል፤ የተሸከመውን አፈርም ይጥላል። በትግራይ የመቐለ ዩኒቨርሲቲና የቤልጂየም ተመራማሪዎች በጋራ ባደረጉት ልኬት የድንጋይ እርከን ከማሳ ላይ የሚታጠበውን አፈር በአማካይ በ68 በመቶ ቀንሷል። በዚያ ደረቅ አካባቢ የቆመው ውኃ ለሰብሉ እርጥበት ስለሚሆን ገበሬው ጥቅሙን በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ያየዋል።

ዝናብ ወደሚበዛበት ወደ ጎጃም ሲኬድ ስሌቱ ይለወጣል። እዚያ የገበሬው ጭንቀት የውኃ ማነስ ሳይሆን መብዛት ነው፤ ለዚህም ፈሰስ የሚባለውን ሰያፍ ቦይ በየዓመቱ በማሳው ውስጥ ያወጣል። ውኃ የሚያቁር እርከን ቢሠራለት ሰብሉ በውኃ ይዋጣል። በደምበጫ አቅራቢያ ባለው የአንጀኒ ጣቢያ በ1970ዎቹ መጨረሻ የተሠሩት ፋንያ ጁ የሚባሉ እርከኖች፣ ማለትም ቦዩ ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ላይኛው ጎን የሚከመርባቸው፣ በዓመታት ውስጥ ተዳፋቱን ወደ ደረጃ መሬት ለውጠውታል። አፈር በማቆየት ረገድ ውጤቱ ግልጽ ነው። በምርት ረገድ ግን በእንዲህ ያሉ ዝናባማ አካባቢዎች የተደረጉ ጥናቶች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጭማሪ አላገኙም፤ አንዳንዶቹም ቅናሽ አግኝተዋል።

ምክንያቱን ለመረዳት ማሳውን በገበሬው ዓይን ማየት ይበቃል። ቁልቁለት በሆነ ቦታ እርከንና ቦዩ ከማሳው ከ10 እስከ 20 በመቶ ይወስዳሉ። ግማሽ ሄክታር ላለው ሰው ይህ የአንድ ወር ቀለብ ሊሆን ይችላል። በድንጋዩ ውስጥ አይጥ ይራባል፤ በጠባቡ እርከን መካከል በሬ ማዞር ያስቸግራል፤ ከላይኛው ጠርዝ አፈር ተገፎ ወደ ታችኛው ስለሚሄድም አንዱ ጫፍ ሲለማ ሌላው ይከሳል። ጥቅሙ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ወጪው ግን ዛሬ ነው። ገበሬው እርከኑን ሲያፈርስ «ግንዛቤ የለውም» ማለት ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ያፈረሰው አስልቶ ነው። ይህን ስሌት የሚለውጠው በእርከኑ ጠርዝ ላይ የሚበቅል ነገር ነው፦ ዝሆኔ ሣር፣ ጌሾ፣ ፍራፍሬ፣ የመኖ ቁጥቋጦ። የተወሰደበት መሬት መኖ ወይም ገንዘብ ሲሰጠው ገበሬው እርከኑን ራሱ ይጠብቀዋል።

ሕጉም ስለ ተዳፋት ዝም አላለም። የ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋታቸው ከ60 በመቶ በላይ የሆኑ መሬቶች ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውሉ፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆኑት ደግሞ የደረጃ እርከን ተሠርቶባቸው ብቻ ዓመታዊ ሰብል እንዲዘራባቸው ደንግጎ ነበር። በተግባር ይህን የሚያስፈጽም አልተገኘም። አንድን ቤተሰብ ከገደሉ ላይ አንሥቶ የት እንደሚያደርሱት የመለሰ ስላልነበረ የወረዳው ባለሙያ ዝም ማለትን መርጧል።

ከዘመቻው በኋላ ያሉት አሥር ወራት

በመንግሥት የሚመራ የአፈር ጥበቃ ዘመቻ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1966ቱ ረሀብ በኋላ በምግብ ለሥራ፣ በተለይም በ1970ዎቹ በዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል፣ በገበሬ ማኅበራት አማካይነት እጅግ ብዙ እርከን ተሠርቶ ነበር። በ1982 የደርግ መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲያውጅና በቀጣዩ ዓመት ሥርዓቱ ሲወድቅ ከሥራው ብዙው ፈረሰ፤ የማኅበረሰብ ደኖችም ተቆረጡ። ሰዎች የሠሩት ለእህሉ ወይም በግዴታ ነበር። ዛፉ የማን እንደሆነ፣ እርከኑን ማን እንደሚጠግን የተስማሙበት ነገር አልነበረም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ መመሪያው ስለ ተሳትፎ ይናገራል፤ ሴፍቲኔትና የዘላቂ መሬት አያያዝ ፕሮግራምም ከቀድሞው የተሻለ ዕቅድ አምጥተዋል። በነፃ ጉልበት የሚካሄደው ዘመቻ ግን አሁንም የሚመዘነው በተቆፈረ ኪሎ ሜትር ነው።

እርከን ሲያልቅ የሚጀምረው ፈተና ልቅ ግጦሽ ነው። ኢትዮጵያ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጉ የቀንድ ከብቶች አሏት፤ በአፍሪካ ቀዳሚ ናት። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ማሳው ሁሉ ለሁሉም ከብት ክፍት የሚሆንበት ልማድ አለ። ከብቱ ገለባውን ይበላል፣ እርከኑን ይረግጣል፣ የተተከለውን ይነቅላል። አንድ ገበሬ በማሳው ላይ ሣር ቢተክል የሚበላው የጎረቤት ከብት ስለሆነ ብቻውን ለመጀመር አያዋጣውም። ችግሩ የጋራ በመሆኑ መፍትሔውም በጋራ ስምምነት የሚመጣ ነው።

ይህ ስምምነት በደረሰባቸው ቦታዎች ለውጡ ፈጣን ሆኗል። ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ የተደረጉ ጎኖች፣ ምንም ሳይተከልባቸው፣ በአምስትና በስድስት ዓመት ውስጥ ሣርና ቁጥቋጦ ይለብሳሉ፤ ከግርጌያቸው የደረቁ ምንጮች የተመለሱባቸው ቦታዎችም አሉ። በትግራይ አብርሃ ወአጽብሃ ቀበሌ በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓለም አቀፉን የኢኳተር ሽልማት አግኝቷል፤ ክልሉም በረሃማነትን በመከላከል ፖሊሲው እ.ኤ.አ. በ2017 ተሸልሟል። የተከተለው ጦርነት በማገዶና በከሰል ፍለጋ ከዚህ ሥራ ብዙውን ጎድቷል። ያም ሆኖ ዘዴው እንደሚሠራ የተረጋገጠው እዚያ ነው።

ዘዴው ከውጭ የመጣም አይደለም። በመንዝ የጓሳ ሣር ለዘመናት ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለዓመታት እየተዘጋ በስምምነት ሲከፈት ኖሯል፤ ሥርዓቱ የተናጋው የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የተጠቃሚነት መብቱን መሠረት ሲለውጥ ነው። በኮንሶ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የድንጋይ እርከኖች ከ400 ዓመት በላይ የቆዩት በየዓመቱ ስለሚጠገኑ ነው። ከብቱ በበረት ታስሮ ይቀለባል፤ ፍጉ ወደ ማሳ ይመለሳል፤ ጥገናው የማን ኃላፊነት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የኮንሶን ግንብ ለጉብኝት የሚሄዱ ባለሥልጣናት ድንጋዩን ያደንቃሉ። ሊቀስሙት የሚገባው ግን የጥገናውን ሥርዓት ነበር።

ቆርጦ መመገብ በደፈናው ሊታወጅ እንደማይችልም መታወቅ አለበት። ሣሩን ማጨድና ማጓጓዝ፣ ለከብቱ ውኃ መቅዳት ጉልበት ይጠይቃል፤ ይህ ጉልበት በአብዛኛው የሴቶችና የልጆች ነው። መሬት የሌለው ወጣትና ጥቂት ፍየሎች ያሏት መበለት የወል መሬቱ ሲዘጋ የሚጎዱት ቀድመው ነው። በተዘጋው ጎን የንብ ቀፎ፣ የሣር ሽያጭ ወይም የማድለብ ድርሻ ካልተሰጣቸው ሌሊት ገብተው መቁረጣቸው አይቀርም፤ በዚህም እነሱን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም።

መሬቱ የማን ነው የሚለው ክርክር

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። አንዱ ወገን ገበሬው የራሱ ባልሆነ መሬት ላይ ረጅም ዕድሜ ያለው ሥራ እንዲሠራ መጠበቅ ከንቱ ነው ይላል፤ የ1989ኙን የአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግም ለስጋቱ ምስክር ያደርጋል። ሌላው ወገን ሽያጭ ቢፈቀድ በአንድ የድርቅ ዓመት ድሃው መሬቱን ጥሎ ይፈናቀላል ይላል።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በዚህ መካከል የተወሰነ ብርሃን ሰጥቷል። ደብተር ያገኙ ገበሬዎች እርከን የመሥራትና የመጠገን ዝንባሌያቸው እንደጨመረ ጥናቶች አሳይተዋል። የመሸጥ መብት ሳይኖር ዋስትና ብቻውን ለውጥ ያመጣል ማለት ነው። ደብተሩ ያልነካቸው ግን ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የወል መሬት ነው፤ ገደሉና ጋራው የሚገኙት እዚያ ሲሆን ድንበሩም ለሚያርሰው ሁሉ ክፍት ሆኖ ቆይቷል። ሁለተኛው የእኩል አራሽ ነው። አቅመ ደካሞችና ወደ ከተማ የሄዱ ባለይዞታዎች መሬታቸውን ለአንድና ለሁለት ዓመት ይሰጣሉ፤ ለአንድ ዓመት የሚያርስ ሰው ለአሥር ዓመት የሚጠቅም እርከን አይሠራም። የባለቤትነት ክርክሩ በስሜት ሲካሄድ እነዚህ ሁለቱ ይረሳሉ፤ በእኔ ግምት ግን ተዳፋቱ ላይ ከሽያጭ መብት ይልቅ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። አዲሱ አዋጅ ቁጥር 1324/2016 የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝን ፈቅዷል። ባንኮች የተጠበቀ ማሳንና የተቦረቦረ ማሳን ለይተው ዋጋ ከሰጡ ይህ ለአፈር ጥበቃ አዲስ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

የሕዝብ ብዛት ያመጣው ነው?

ተዳፋቱን ያራቆተው የሕዝብ ብዛት ነው የሚለው አስተያየት በከፊል እውነት አለው። በወላይታና በአካባቢው በካሬ ኪሎ ሜትር ከ500 በላይ ሰው የሚኖርባቸው ወረዳዎች አሉ፤ መሬት በየትውልዱ ሲከፋፈል መሬትን ሳይዘሩ ማሳደር ቀርቷል፤ እርሻውም ወደ ገደሉ ወጥቷል። በጎረቤት ኬንያ በማቻኮስ የታየው ግን ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ እስከ 1990 ሕዝቡ ከአምስት እጥፍ በላይ ሲጨምር በቅኝ ገዥዎች ዘመን ተስፋ የተቆረጠበት ተዳፋት እርከን ለብሷል፤ የነፍስ ወከፍ ምርቱም አድጓል። ብዙ እጅ ለብዙ እርከን ዋለ። ይህን ያስቻለው የናይሮቢ ገበያ ቅርበት፣ የቡናና የፍራፍሬ ሽያጭ፣ በከተማ ከተሠራ ደመወዝ ወደ መሬቱ የተመለሰ ገንዘብ እና የጸና ይዞታ ነበር። እነዚህ በሌሉበት የሕዝብ ብዛት መሬቱን ይበላል። ስለዚህ ለደጋው ተዳፋት መንገድ፣ ገበያና ከእርሻ ውጭ ያለ ሥራ ከእርከን የተለዩ ጉዳዮች አይደሉም።

ዛፍ፣ ደንና የ40 በመቶው ታሪክ

«ከመቶ ዓመት በፊት የአገሪቱ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር» የሚለው አባባል ከትምህርት ቤት መጽሐፍ እስከ ፖሊሲ ሰነድ ተጽፏል። የታሪክ ተመራማሪዎች ግን አስተማማኝ መሠረት እንደሌለው አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ያነሣቸው ፎቶግራፎች ከዘመናችን ፎቶግራፎች ጋር ሲነጻጸሩ ብዙ የሰሜን ተራሮች ያን ጊዜም ተራቁተው እንደነበር፣ በአንዳንዶቹ ቦታዎችም ዛሬ የበለጠ ዛፍ እንዳለ ታይቷል። ይህ ተስፋ የሚሰጥ ግኝት ነው፤ መሬቱ ወደ ጥፋት ብቻ እየሄደ እንዳልሆነና እንክብካቤ ውጤት እንዳለው ያሳያል።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ከተገለጸ ወዲህ የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በየክረምቱ ቀጥሏል። ሕዝብን በማነሣሣት ረገድ ያደረገው ቀላል አይደለም። ለአፈር ጥበቃ ያለው ዋጋ ግን የሚታወቀው ከሦስት ዓመት በኋላ የቆመው ችግኝ በየቦታው ሲቆጠር ነው፤ በተዘጋ ጎን ራሱ የሚበቅለው ቁጥቋጦ ብዙ ጊዜ ከተተከለው የበለጠ አፈር ይይዛል።

ገበሬው በራሱ ፈቃድ የሚተክለው ዛፍ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ውኃ በመምጠጡና ከሥሩ ሌላ ተክል ባለማብቀሉ ይወቀሳል፤ ወቀሳው እንደ ቦታው ልክ ነው። ሆኖም በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ የሆነው ትኩረት ይገባዋል። አሲዳማ በሆነና ምርቱ በወደቀ መሬት ላይ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ከጤፍ ጋር አብረው መዝራት ጀመሩ፤ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ዛፉን ለከሰል ሸጠው መሬቱን እንደገና ያርሳሉ። ማንም ሳያዝዛቸው ወረዳው አረንጓዴ ሆነ፤ አፈሩ አገገመ፤ ወጣቶችም ሥራ አገኙ። በአንድ ዝርያ ላይ ብቻ መደገፍ የሚያስከትለውን አደጋም ያው አካባቢ አሳይቷል፤ በቅርብ ዓመታት የተነሣ የዝገት በሽታ ዛፉን ክፉኛ ጎድቶታል። የዘርፉ መሥሪያ ቤቶች ለፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ሁለትና ሦስት አማራጭ ዝርያዎችን በፍጥነት ማቅረብ ይጠበቅባቸዋል።

ቀጥሎ ምን ይጠበቃል

በታችኛው ተፋሰስ ያለው ጥቅም እየገዘፈ መጥቷል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የመያዝ አቅም አለው። በሱዳን የሮዛሪስ ግድብ ሲሶ ያህል አቅሙን በደለል አጥቶ ከፍታው እንዲጨመር ተደርጓል፤ ከሕዳሴ ግድብ በኋላ ግን ያ ደለል የሚቆመው በእኛው ሐይቅ ውስጥ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው የቆቃ ግድብም ከአዋሽ የሚመጣውን ደለል ለአሥርት ዓመታት ሲቀበል ኖሯል። የግድቡን ዕድሜ የሚያረዝመው በጎጃምና በወሎ ጎን ላይ ያለ ገበሬ ቢሆንም ለሥራው የሚከፈለው የለም፤ እንዲያውም ጉልበቱን በነፃ ያዋጣል። ከኤሌክትሪክ ሽያጭ ጥቂት ሳንቲም ለላይኛው ተፋሰስ የሚመለስበት አሠራር በልግስና ስም መታየት የለበትም። ለተሰጠ አገልግሎት የሚፈጸም ክፍያ ነው።

የሪፖርቱ መለኪያ መለወጥ ደግሞ ከዚያ ያነሰ ገንዘብ ይጠይቃል። በሰኔ መጨረሻ የሚነሣ የሳተላይት ምስል በየቀበሌው ከታረሰው ተዳፋት ምን ያህሉ ራቁቱን እንደሆነ ያሳያል። ከሦስት ዓመት በፊት የተሠሩ እርከኖች ስንቶቹ እንደቆሙ በናሙና መቁጠር የአንድ ልማት ሠራተኛ የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። የመንገድ ቱቦዎች ውኃ የሚጥሉባቸውን ማሳዎች መመዝገብ፣ ልቅ ግጦሽን ያቆሙ ቀበሌዎችን ውስጠ ደንብና የደንቡን አፈጻጸም ማወቅም እንዲሁ። በጎፋ፣ በዳውሮና በመሰሎቻቸው ገደላማ ዞኖች ደግሞ የሚንሸራተቱ ጎኖችን የሚያመለክት ዝርዝር ካርታ በወረዳው እጅ እስካልገባ ድረስ እርከን መሥሪያው ቦታ የሚመረጠው በግምት ነው፤ ከክረምት በፊት መነሣት ያለባቸው ቤቶችም አይታወቁም።